የሚስማር ሻጩ አልጋ

«እስከ መቼ ነው ግን?»

ትንሿ ይህን የሰማችው ገና አልጋ ላይ ሳለች ነው። የምታድርበትን ክፍል ከወጥ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ በዚህ በኩል «ይማርህ» ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቷ ዕቃ ታጥባለች፤ የእህቷ ባል እንደ ልማዱ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። የብሩሹ ድምፅ ቆመ። «ዝም በይ እባክሽ፣ ትሰማለች» አለ ባልየው። «ትስማ!» አለች ታላቅየዋ፣ ድስቱን አንኳኩታ እያስቀመጠች። ከዚያ ውሃው ተዘጋ። «አይ፣ አትስማ» አለች ቀስ ብላ። «ብትሰማ የት እገባለሁ?» ብሩሹ እንደገና ጫማውን መፈተግ ጀመረ።

ትንሿ ዓይኗን ጣሪያው ላይ እንደተከለች ቀረች። ብትነሣ አልጋው ይንቋቋል፤ ከተንቋቋ መንቃቷ ይታወቃል፤ መንቃቷ ከታወቀ ደግሞ መስማቷም ይታወቃል። ስለዚህ የወትሮ መነሻ ሰዓቷ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ሬሳ ተጋደመች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግን ታላቅ እያለ ታናሽ አያድግምና በዚህ ቤት ስሟ እስከ ዛሬ ትንሿ ነው። መሥሪያ ቤቷ የነጋዴ ሚዛን እንድትመረምር ለስምንት ወር የመስክ ሥራ ልኳት፣ ሻንጣዋንና የናስ ክብደቶች የተደረደሩበትን ሳጥን እየጎተተች ከከተማ ከተማ ስትዞር ከርማ፣ ይህ የመጨረሻው ከተማ ነው። እዚህ ከመጣች ሰባት ሳምንት ሆኗታል፤ የቀራት አሥራ አምስት ቀን ነው። ስትመጣ ወደዚህ ቤት አልመጣችም ነበር። አንድ ርካሽ ሆቴል ገብታ ሁለት ሌሊት እንዳደረች ታላቅየዋ ሰምታ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መጥታ፣ «እኔ በቁሜ አንቺ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ የሆቴሉ ዘበኛ እያየ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ትንሿ ለወጉ ያህል ተግደረደረች እንጂ ልቧ ጮቤ ረግጧል። ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን።

ውሎ አበሏ በቀን ዘጠኝ መቶ ነው። አልጋውም፣ ምግቡም፣ ታክሲውም የሚወጣው ከዚያው ነው፤ የት አደርሽ፣ ምን በላሽ የሚላት የለም፤ ከዘጠኝ መቶው የተረፈው የራሷ ነው። የመስክ ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ሒሳብ የተካነ ነው። ሌላው ሰው አገር ሲዞር ይወፍራል፤ የመስክ ሠራተኛ አገር ሲዞር ይከሳል። በሁለተኛው ከተማ ከማታውቃት ነርስ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ስድስት ሳምንት ሙሉ የነርሷን ማንኮራፋት ስታዳምጥ አድራለች። በአራተኛው ከተማ የያዘችው ክፍል መስኮት ስላልነበረው፣ መንጋቱን የሚነግራት የጎረቤት ሬዲዮ ነበር። ምሳዋ በሁሉም ከተማ ዳቦና ሙዝ ነው። መንገድ ስትጀምር አንድ ደብተር ገዝታ፣ ገጹን ለሁለት ከፍላ፣ በግራ «የግድ»፣ በቀኝ «የልብ» ብላ ጽፋበት ነበር። የግዱ ገጽ በገጽ እየሞላ ሄደ። ከልቡ ግን ሐይቅ ላይ በጀልባ መሄድ ተሰረዘ፤ የሱፍ ሻርፕ ተሰረዘ፤ የጥንት ጓደኛዋ ያለችበት ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ደርሶ መምጣት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሳይሰረዝ የቆየው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ጥርስ።

ከላይ ፊት ለፊት ካሉት ጥርሶቿ አንዱ ከወለቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ግራና ቀኙ ያሉትም ተሰብረው ሥራቸው ብቻ ነው የቀረው። በወጣትነቷ ፍንጭት ነበረች፤ ታምሪያለሽ ትባል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፍንጭቱ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ በር ሆነ። ስትስቅ እጇ ሳታዝዘው ወደ አፏ ይሄዳል። ስብሰባ ላይ አትናገርም። በሦስተኛው ከተማ አንድ ሥጋ ሻጭ ሚዛኑን ስላሸገችበት ከኋላዋ ሆኖ አነጋገሯን እየኮረጀ ሰው ሲያስቅ ሰምታ፣ ክፍሏ ገብታ እስኪወጣላት አልቅሳለች። ለጥርሱ ያጠራቀመችው ገንዘብ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞልቶ ነበር። አንዱ ለእናታቸው ሕክምና ሄደ፤ እሱስ አይቆጭም። ሁለተኛው ግን ታላቅየዋ «ጭቃ ላይ ቆሜ አበስላለሁ» ብላ በስልክ ስላለቀሰች፣ የዚህን ወጥ ቤት ወለል ነጭ ሴራሚክ አለበሰ። ትንሿ ወጥ ቤቱ በገባች ቁጥር ጥርሶቼን ረገጥኳቸው ብላ ታስባለች። ታላቅየዋ ያን ገንዘብ ረስታዋለች፤ ትንሿም አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አላት። የማይወልቀው፣ የራስ ጥርስ የሚመስለው፣ ሃያ ስድስት ሺህ ነው፤ ግማሹ ዛሬ ይከፈላል፣ ግማሹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥርሱ ሲገጠም። በእጇ ያለው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነው። የጎደለውን ሰባት ሺህ በቀሩት አሥራ አምስት ቀናት እዚሁ እያደረች ከአበሏ ታወጣዋለች። ወደ ቤቷ ከተመለሰች አበል የለም፤ ደሞዟ የልጇን ትምህርትና የቤት ኪራዩን ሸፍኖ ያልቃል፤ ስለዚህ ጥርሱ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። እስከ መቼ ነው ላለችው እህቷ መልሱ ይኸው ነበር፤ ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ። ግን ላልተጠየቁት ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ቁርስ ላይ ሦስቱም እንደ ወትሮው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ሻይና አንድ የተቀቀለ እንቁላል አለ። እንቁላሉ የትንሿ ነው፤ ከመጣች ጀምሮ የሷ ነው። እስከ ዛሬ ባልና ሚስቱ እንቁላል የማይወዱ ይመስላት ነበር፤ ዛሬ ግን ጠዋት የሰማችው ነገር ዓይኗን ከፍቶት፣ ባልየው እንቁላሉን አየት አድርጎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ሲያዞር አየችው። «እናንተስ እትዬ?» አለች። «እኛ በልተናል።» በልተው ቢሆን ኖሮ በስሱ ግድግዳ በኩል ትሰማ ነበር። «እንቁላል ስንት ገባ?» «ምን ያደርግልሻል ዋጋው፣ ዝም ብለሽ ብይ።» በላች። ባልየው ከኪሱ ካወጣው ማሸጊያ አንዲት ክኒን ፈልቅቆ የዳቦውን ቢላ አንስቶ ለሁለት ሰነጠቃት፤ ግማሿን ዋጠ፣ ግማሿን በወረቀት ጠቅልሎ መልሶ ኪሱ ከተተ። «የደም ግፊቱን መድኃኒት ሐኪሙ ቀነሰልህ ጋሼ?» አለች ትንሿ። ባልየው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሻይዋን አየች። «አዎ፣ ቀነሰልኝ» አለ።

«ዛሬ ጥርስ ቤት ስለምሄድ እቆያለሁ» አለች ትንሿ ተነሥታ ሳህኗን ስታነሳ። «እሰይ! ስንት አሉሽ?» አለች ታላቅየዋ። ትንሿ እውነቱን ብትናገር በዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል አሰበች። «ብዙ አይደለም፣ ሦስት ሺህ ነው» አለች። ታላቅየዋ፣ «ሦስት ሺህ» ብላ ደገመችው፤ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስል ቀስ ብላ ደገመችው። ትንሿ ሳጥኗን ጎትታ ወጣች።

የዛሬው ሥራዋ የሕንፃ መሣሪያ ሻጮች መደዳ ነው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው፤ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል ሙሉ ሚስማር። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ሚዛናቸውን በጨርቅ መጥረግ ይጀምራሉ፤ አቧራው ሲጠረግ ሌብነቱም የሚጠረግ ይመስል። ከእያንዳንዳቸው ጋር ያው ነገር ነው፦ እንዴት አደሩ፣ ሻይ ይምጣ፣ ወንበር ይምጣ። ሻይ አትጠጣም፣ ወንበርም አትቀበልም፤ ክብደቶቿን እያነሳች መሀል ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ አራቱም ማዕዘን ላይ፣ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ታልፋለች። ወገቧን ያማታል። ስምንት ወር ሙሉ በቀን ይህን ያህል ናስ ያነሳ ሰው ወገቡ ባያመው ነበር የሚገርመው። አምስት ሰዓት አካባቢ ሰባተኛው ሱቅ ስትደርስ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰውዬ ሚስማር እየመዘነ አገኘችው። ይኼኛው ሚዛኑን አልጠረገም፤ ይልቅ በመምጣቷ ደስ ያለው ይመስላል።

አሥር ኪሎ ብታስቀምጥ ሚዛኑ ዘጠኝ ኪሎ ከሰባት መቶ አለ። ደግማ አስቀመጠች፤ ያው ነው። ሠላሳ ዓመት በሚጠጋ አገልግሎቷ ሻጩን የሚጎዳ ሚዛን ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሚዛን ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ወደ ባለቤቱ ነው። «አንተ ሰው፣ ለገዢው በየአሥር ኪሎው ሦስት መቶ ግራም እየመረቅህ ነው እኮ» አለችው። ሰውዬው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አላልኩም! ተቀጣሪ ነኝ እኮ እናቴ፤ ባለሱቁ የጎደለውን ሚስማር ከደሞዜ ይቆርጠዋል። ሁለት ወር ሊሞላው ነው ሌባ ሲለኝ።» ጎንበስ ብላ የሚዛኑን እግሮች አየች፤ አንደኛው ተጣሟል። «ይህን ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? ሚዛን አንዴ ከተቀመጠ አይነካም።» «እኔ ነኝ። ማታ ማታ።» ወደ ኋላ ጠቆማት። ከሲሚንቶው ክምር ጎን በሽቦ የታሰረ ፍራሽ ቆሟል። «ሚዛኑ ካልተነሣ ፍራሹ አይዘረጋም፣ ፍራሹ ካልተዘረጋ እኔ አልተኛም።»

«ቤት የለህም?» አለችው።

«ነበረኝ። ደረጃው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ፤ እዚያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። አከራዬ ወርቅ ሴት ናት፣ ባሏም እንደዚያው። ምን ያደርጋል፣ እህቷ ድንገት ከመንገድ መጣችባት። ‹ለአንድ ሳምንት ብቻ ልቀቅልኝ፣ እህቴን ሳሎን መሬት ላይ አላስተኛም› አለችኝ። ለአንድ ሳምንትማ ምን አለበት ብዬ ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ። አልጋዬ እንኳ እዚያው ነው ያለው። ይኸው ሰባት ሳምንት።» ሳቀ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይላሉ። እኔ ብረት ስለምሸጥ አውቀዋለሁ።»

ትንሿ በእጇ የነበረውን ክብደት አስቀመጠች። ሰማያዊውን በር ጠዋት ራሷ ዘግታው ነው የወጣችው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «ስንት ትከፍል ነበር?» «ሦስት ሺህ። የሰውየውን የግፊት መድኃኒት ደግሞ እኔ ነበርኩ በየወሩ ገዝቼ የማመጣው፤ ከኪራዩ ይታሰብልኛል። አሁን እንዴት እንደሆኑ እንጃ፣ ሄጄ መጠየቅም ፈራሁ፤ ልታስወጣት መጣ እንዳይሉኝ።» «እህትየዋ እንዴት ያለች ሰው ናት?» ለምን እንደጠየቀች አታውቅም። «አላየኋትም። ትልቅ የመንግሥት ሰው ናት አሉ፣ የአልጋዋን መንግሥት እየከፈለላት ነው የምትዞረው። የሞላለት ሰው የሰው ጉድለት አይታየውም እናቴ። አይፈረድባትም።» ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አይፈረድባትም ያለው ግን ከልቡ ነው፤ እያዘነላት ነው።

ወረቀቷን አወጣች። ሚዛኑ ከቦታው በመነሣቱ እግሩ እንደተጣመመ፣ በዚህም ምክንያት ከሻጩ እጅ በየአሥር ኪሎው ሦስት መቶ ግራም ሲወጣ እንደቆየ፣ ሻጩ ጥፋት እንደሌለበት፣ ከሌላው ጊዜ በተለየ ጥንቃቄ፣ ፊደሎቿን እያሳመረች ጽፋ ፈረመች፣ ማኅተም አሳረፈችበት። ሰውዬው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ግንባሩን አስነካው። «ኑሩልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፤ ከሌብነት ነው ያወጡኝ!» እያለ መንገድ ድረስ ሳጥኗን ጎተተላት። እሷም ተለይታው እስክታልፍ ድረስ ቀና ብላ አላየችውም። በአልጋው እየተኛች ምርቃቱንም መውሰድ ከበዳት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሠራችም። ታክሲ መጠበቂያው ላይ ካለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ሳጥኗን በእግሮቿ መካከል አድርጋ ተቀመጠች፤ ሙዟንም አልላጠችም። መጀመሪያ ያፈረች መሰላት፤ ቆይቶ ግን ንዴት መሆኑን አወቀች። ማን ተከራዩን አስወጪ አላት? ሆቴሌ ውስጥ በሰላም ተኝቼ አልነበረም? በአራተኛው ሳምንት አንድ ሺህ ከትራሷ ሥር ትታ ብትወጣ፣ ማታ ገንዘቡ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ተመልሶ ጠበቃት፤ ታላቅየዋ ለሁለት ቀን አኩርፋ፣ «እኔን ልታስከፍይኝ ነው? ሆቴል አደረግሽው ቤቴን?» አለቻት። ስጡኝ አትልም፣ ብትሰጪያት አትቀበልም፣ ባትሰጪያት በጣውላ ግድግዳ በኩል «እስከ መቼ» ትላለች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ባይኖር ሦስቱም፣ ከሚስማር ሻጩ ጋር አራቱም፣ በየአልጋቸው ተኝተው ነበር። እሷ ራሷስ? እውነቱን ለመናገር ያ ክፍል ባዶ ሆኖ ይጠብቃት እንደነበር አንድ ቀን ጠይቃለች? ግድግዳው ላይ የተመታውን የልብስ ሚስማር፣ የመስኮቱን ጠርዝ የምላጭ ማስቀመጫ አይታለች። አይታ ዝም ያለችው ሒሳቡ እንዳይበላሽባት ነው። ይህን ስታስብ ንዴቱ በረደና ድካሙ ብቻ ቀረ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሆቴል አለ። ተሻግራ ጠየቀች። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መስኮት አለው፣ አምስት መቶ ሃምሳ። ከአበሏ የሚተርፈው ሦስት መቶ ሃምሳ ምግብና ታክሲ ሆኖ ያልቃል። አሥራ ዘጠኙ ሺህ አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ይቀራል፤ ሃያ ስድስት አይሆንም። እንግዳ ተቀባዩ «ልመዝግብዎት?» ሲላት፣ «ተመልሼ እመጣለሁ» አለች።

የጥርስ ሕክምናው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተጠባባቂዎቹ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን እያዩ ጉንጫቸውን ይዘዋል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ጓንቷን እያጠለቀች፣ «ዛሬ የተረፉትን ሥሮች ነቅለን ልክ እንወስዳለን፤ እንደ ተነጋገርነው የማይወልቀውን ነው አይደል እናት?» አለች። ትንሿ ወንበሩ ላይ ተጋድማ መብራቱን እያየች ቆየች። ቦርሳዋ ውስጥ አሥራ ሦስት ሺህ በፖስታ ታሽጓል። አንድ ቃል ብትል ያልቃል፤ አሥራ አምስት ቀን ደግሞ ምን አላት፣ ሰባት ሳምንት የሲሚንቶ አቧራ የማገ ሰው ሁለት ሳምንት ቢጨምር አይሞትም። የሚሞተውስ ክኒኑን የሚሰነጥቀው ሰውዬ ቢሆንስ? «የሚወልቀው ስንት ነው?» አለች። «እሱ ስምንት ሺህ ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ለፈገግታ ይሆናል እንጂ ሲበሉ ማውለቅ ይሻላል።» ትንሿ ሳቀች፤ በማደንዘዣው መርፌ ፊት የሳቀች የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም። «እሱን አድርጊልኝ» አለች። ሐኪሟ ፊቷን አይታ አላመነችም። «ልኩ ጥርሱን ወደሚሠሩት ሰዎች የሚሄደው ነገ አራት ሰዓት ነው። እስከዚያ ሐሳብዎን ከቀየሩ ይደውሉልኝ» አለቻት። ከዚያ መርፌው ገባ፤ ሥሮቹም ከስድስት ዓመት በኋላ እየተጎተቱ ወጡ።

ስትወጣ አፏ በጥጥ ተሞልቷል፣ ከንፈሯ የሰው ከንፈር መስሏታል። እስከ ማታ እንዳትናገር ተነግሯታል። መድኃኒት ቤት ገብታ የክኒኑን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየች፤ ጠዋት ማሸጊያውን አይታው ነበር። ለሁለት ወር የሚሆን ስድስት መቶ አርባ ከፈለች። ታክሲ ውስጥ ሆና ከምርመራ ወረቀቷ ላይ አንድ ቅጠል ቀድዳ፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ስትጽፍና ስትሰርዝ መጣች። እውነቱን መጻፍ አይቻልም፤ እውነቱ ከተጻፈ ታላቅየዋ ሰው ፊት የተገፈፈች ያህል ታፍራለች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መሥሪያ ቤቴ ከነገ ጀምሮ የሆቴል ደረሰኝ ይፈልጋል። ግዴታ ስለሆነ ነው። ነገ ጠዋት እወጣለሁ።» ከዚያ የሚሆነውን ታውቀዋለች። ታላቅየዋ አይሆንም ትላለች፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ታላቅየዋ ትቆጣለች፣ ሰው ምን ይለኛል ትላለች፤ እሷ ትነቀንቃለች። ሦስተኛው ላይ ታለቅሳለች። እዚያ ላይ ምን እንደምታደርግ ትንሿ እርግጠኛ አልነበረችም። ምናልባት ትሸነፍ ይሆናል፤ ምናልባት ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ለሐኪሟ ትደውል ይሆናል። ተለምኖ የቀረ ሰው፣ በገዛ ፈቃዱ ከተጎለተ ሰው ጋር አንድ አይደለም።

ሰማያዊውን በር የከፈተችው ታላቅየዋ ናት። «ውይ እህቴን! ምን አድርገውሽ ነው?» ብላ አገጯን ያዘች፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየቻት። ሐኪሟን ረገመች፤ ሐኪሟን ያስተማሩትንም ረገመች። ሶፋው ላይ አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀችላት፤ ልጅ ሳሉ እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ አወለቀችላት። ሾርባ አምጥታ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው እየገለበጠች አቀዘቀዘች። ትንሿ ለባልየው የመድኃኒቱን እሽግ ዘረጋችለት። ባልየው ተቀበለና ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ሚስቱ ወደ ወጥ ቤት እስክትዞር ጠብቆ ኪሱ ከተተው።  ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እጇንም መታ መታ አደረገው።

ታላቅየዋ ስትመለስ ትንሿ ወረቀቱን ሰጠቻት። መነጽሯ አጠገቧ ስላልነበረ ለባሏ አቀበለችው። ባልየው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የትምህርት ቤት ልጅ እንደሚያነብ ቃል በቃል አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።  ከላይ ቤት ሰው ሲራመድ ተሰማ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ትንሿ አንገቷን ለመነቅነቅ ተዘጋጅታ እህቷን አየቻት። የእህቷ ፊት ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየች፤ ግንባሯ ፈታ አለ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ረጅም መንገድ የተሸከሙትን ዕቃ ያስቀመጡ ሰዎች የሚያወጡትን ዓይነት ትንፋሽ አወጣች።

«ስንት ሰዓት?» አለች ታላቅየዋ።

ትንሿ መናገር ስለማትችል ሁለት ጣቷን አነሳች።

«ሁለት? ጥሩ ነው» አለች እህቷ፣ ሾርባውን ወደ እሷ እያስጠጋች። «አንሶላው ታጥቦ እስከ ማታ ይደርቅልኛል።»